«ወታደራዊ ጥንካሬ» ያለው ስልኬ ከጉልበቴ ከፍታ ወድቆ ተሰበረ፤ አምራቾች የሚሉትን ማመን ይቻላል?

የበጎቹ ሐኪም (መሐል ሜዳ)፦

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ባሉ የመንዝ ቀበሌዎች በግ ስከትብ እውላለሁ። ስልኬ መዝገቤ ነው፤ የታመመች በግ ፎቶ የማነሳበት፣ ሪፖርት የምልክበት፣ ሲመሽ ደግሞ ጋጣ ውስጥ መብራቴ። ስለዚህ ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ሄጄ ስልክ ስገዛ የጠየቅኩት ስለ ጥንካሬው እንጂ ስለ ውበቱ አልነበረም። 31,000 ብር ከፈልኩ። የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቴ ያነበው ይሆናል።

ሳጥኑ ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል። «የወታደራዊ ደረጃ ጥንካሬ»፣ «እስከ 2 ሜትር መውደቅን የሚቋቋም መስታወት»፣ «አይ ፒ 68» የሚል የውኃ መከላከያ ደረጃ። ሻጩ ሌላ ተመሳሳይ ስልክ አወጣና እያየሁት ወደ ወለሉ ወረወረው። ስልኩ ምንም አልሆነም። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ መነጠፉን ያስተዋልኩት ግን ዛሬ፣ ይህን ስጽፍ ነው።

በሚያዝያ አንዲት ሙክት የምታክል በግ ይዤ በካብ አጥር ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ስልኩ ከካፖርቴ ኪስ ሾልኮ ወደቀ። ከፍታው ከጉልበቴ አያልፍም። አንዱ ጥግ የካቡን ድንጋይ ነካ፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሸረሪት ድር ሆነ። ሱቁ ጋ ስደውል «በመውደቅ የመጣ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም» አሉኝ። እና «2 ሜትር» የተጻፈው ለማን ነው?

የእናቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ከበቅሎ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ አንድ ጊዜም የሽሮ ድስት ውስጥ ገብቷል። ዛሬም ይጮኻል። ወንድሜ ደግሞ «ጨምረሽ ከቲታኒየም ብረት የተሠራውን ግዢ» ይለኛል። ሌላም ላክል፤ ገና እንደገዛሁት በጥር ውርጭ ጧት ባትሪው 40 በመቶ እያለ ስልኩ በራሱ ይጠፋ ነበር። እነዚህ ሰዎች ይዋሻሉ ወይስ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት?

ከሸዋ ሮቢት፦

ሁሉም ውሸት ነው። የ150 ብር መስታወት ለጥፈሽበት፣ ወፍራም ከቨር አልብሰሽው ብትይዢ ኖሮ ይህ ሁሉ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር። እኛ ጋ ደግሞ በሙቀቱ ከቨሩ ራሱ ይቀልጣል።

ጥገና ቤት (ደብረ ብርሃን)፦

እህቴ፣ ወንድማችን ከሸዋ ሮቢት «ሁሉም ውሸት» ብሎ ገላገለን። ውሸት ቢሆንማ ቀላል ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስልክ ስከፍት ኖሬአለሁ፤ ያየሁትን ልንገርዎት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን የሚጸናው እነሱ በመረጡት ወለል ላይ፣ እነሱ በመረጡት ቀን፣ ገና ከፋብሪካ በወጣ ስልክ ነው።

በ«ወታደራዊው» ልጀምር። ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባል የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሙከራ መመሪያ አለ። መመሪያው ለጦር ዕቃ ገዢዎችና አምራቾች የተጻፈ ነው፤ «ይህ ስልክ አልፏል» ብሎ ማኅተም የሚመታ መሥሪያ ቤት ግን የለም። አምራቹ ከብዙዎቹ ሙከራዎች የፈለገውን መርጦ፣ ራሱ ሞክሮ ወይም አስሞክሮ፣ ራሱ ይጽፋል። የታወቀው የመጣል ሙከራ ከ122 ሴንቲ ሜትር 26 ጊዜ መጣል ነው። ምን ላይ? ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ ጣውላ ላይ! ይባስ ብሎ 26ቱን ውድቀት አንድ ስልክ ብቻውን እንዲሸከም መመሪያው አያስገድድም፤ እስከ አምስት ስልኮች ሊካፈሉት ይችላሉ። የእርስዎ ስልክ ግን ብቻውን ነበር፤ የወደቀውም የመንዝ ካብ ላይ ነው።

የ«2 ሜትሩ» ነገርም እንዲሁ ነው። ኮርኒንግ የሚባለው የአሜሪካ የመስታወት ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. ጎሪላ ግላስ ቪክተስን ሲያወጣ፣ ጠንካራና ሸካራ ወለል ላይ እስከ 2 ሜትር መውደቅን ይቋቋማል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቪክተስ 2ን ሲያወጣ ግን ቁጥሩን ለሁለት ከፈለው፤ ኮንክሪትን በሚመስል ወለል ላይ እስከ 1 ሜትር፣ አስፋልትን በሚመስል ወለል ላይ እስከ 2 ሜትር። ልብ ብለው ይዩት፣ ወለሉ ሲቀየር ከፍታው በግማሽ ወረደ። ስለ ሹል ድንጋይ የተባለ ነገር የለም። «እስከ» የምትለዋንም ቃል አይርሷት፤ እኔ ማስታወቂያ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

አምራቾቹ ቀድመው አያውቁም እንዳይሉ ደግሞ ይህን ይስሙ። በ2014 እ.ኤ.አ. አይፎን 6 ፕላስ ኪስ ውስጥ እየጎበጠ ዓለም ሲስቅ አፕል የደረሰው ጥቂት ቅሬታ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። በ2018 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ይፋ የሆነ ሰነድ እንዳሳየው ግን፣ በኩባንያው የራሱ ሙከራ አይፎን 6 ከአይፎን 5ኤስ ይልቅ በ3.3 እጥፍ፣ 6 ፕላስ ደግሞ በ7.2 እጥፍ የመጉበጥ ዕድል ነበራቸው። በ2015 የወጣው 6ኤስ በጠንካራ የአሉሚኒየም ዓይነት ተሠራ። በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚቀይር ሐኪም የለም፤ እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ስለ ውኃውም ልናገር፤ እጄ ላይ በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር ነው። አይ ፒ 67 ማለት በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ማለት ነው። አይ ፒ 68 ከዚያ ይበልጣል፤ ጥልቀቱንና ሰዓቱን ግን አምራቹ ይወስናል። ሙከራው በንጹሕ፣ ባልተረበሸ ውኃ ነው። እርስዎ በጎቹን የሚያጠልቁበት መድኃኒት የተቀላቀለበት ውኃ እዚያ ውስጥ የለም፤ ሳሙናም የለም። ውኃውን የሚከለክለው ማሸጊያ ሙጫ ደግሞ ያረጃል። አንድ ጊዜ የተከፈተ ስልክ ሲመጣልኝ ዳሩን በጥፍሬ ስነካው ሙጫው እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ጣሊያን በ2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣችው ለዚህ ነው፤ ውኃ ይችላል ብሎ እያስተዋወቀ በውኃ የመጣ ጉዳትን በዋስትና አለመሸፈኑን አይታ። አውስትራሊያም በ2022 ሳምሰንግን በዚሁ የውኃ ጉዳይ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አስከፍላዋለች።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ጥገና ቤት ጥሩ ብሏል፤ ዋናው ምክንያት ግን ተዘሏል። ያ ስልክ በሚያዝያ ለምን ተሰበረ? በጥር ቢወድቅ ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር እላለሁ።

መስታወቱ ከተሠራ በኋላ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። ከገጹ ላይ ትናንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ይወጣሉ፤ ተለቅ ያሉት የፖታሲየም አዮኖች ቦታቸውን ይይዛሉ። አምስት ሰው በሚይዝ መደብ ላይ አምስት ወፋፍራም እንግዶች ተጨናንቀው እንደተቀመጡ ያስቡት። እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስንጥቅ ሊከፈት ሲል ያ መገፋፋት ይዘጋዋል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። ችግሩ ይህ የተጨናነቀ ንብርብር ስስ መሆኑ ነው። ጭረት ሰርስሮት ካለፈ መደቡ ተሰብሯል ማለት ነው።

የሚጭረው ደግሞ ማን ነው? በሞስ የጥንካሬ መለኪያ (ቁጥሩ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭራል) የስልክ መስታወት ከ5.5 እስከ 6 ገደማ ላይ ነው፤ በአሸዋና በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ነው። ቁልፍና ሳንቲም ብዙውን ጊዜ መስታወት አይጭሩም፤ ኪስ ውስጥ ያለው አቧራ ነው የሚጭረው። መስታወት ከስንጥቁ እንደሚሰበር እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊት ከመቶ ዓመት በፊት አሳይቷል፤ ውጥረቱ በሙሉ በጭረቱ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። እንግዲህ አምራቹ የሚጥለው ያልተጫረ መስታወት ነው። እርስዎ የጣሉት ሦስት ወር ከበግ ጋጣ አቧራ ጋር የኖረ መስታወት ነው። ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም።

ከሸዋ ሮቢት፣ ላይ የሚለጠፈው መስታወት በዚህ ብቻ ትክክል ነው፤ ጭረቱን እሱ ይቀበላል። ጥግ ላይ ለሚመጣ ምት ግን አይረባም።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ይጨምርና ቮልቴጁ በድንገት ይወርዳል፤ ስልኩ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ሞቅ ሲል ይመለሳል። ለምሳሌ አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአየር ሙቀት እንዲሠሩ፣ የሚሠሩበት ቦታ ከፍታም ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,000 ሜትር መሆኑን በዝርዝር መግለጫው ጽፏል። መሐል ሜዳ ከ3,000 በላይ ናት! ይህ ማለት ስልኩ እዚያ አይሠራም ማለት አይደለም፤ መንዝን ያሰበ መሐንዲስ ግን እንዳልነበረ ይነግረናል።

ስልክ ሻጭ ነኝ፦

ሻጮችን ሁሉ አትርገሙን፤ ሳጥኑን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ምንጣፍ ላይ መወርወሩ ግን ያሳፍራል፤ እኔ አላደርገውም። (አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ተሰበረብኝ።)

ስለ ቲታኒየም፣ የወንድምሽን ምክር ተዪው። አፕል በ2023 እ.ኤ.አ. አይፎን 15 ፕሮን በቲታኒየም ሲሠራ ቲታኒየሙ በውጭ ያለው ክፈፍ ነበር፤ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። በ2025 ደግሞ 17 ፕሮን ወደ አሉሚኒየም መለሰው፤ አሉሚኒየም ሙቀትን በተሻለ ያስተላልፋል። ስሙ ውድ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ማለት አይደለም። ለማንኛውም የተሰበረብሽ መስታወቱ ነው፤ ክፈፉ ምን አደረገሽ?

የበጎቹ ሐኪም (መሐል ሜዳ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ስልኩን ወደ ፀሐይ አዘንብዬ አየሁት። ካልተሰነጠቀው ጎን እንኳ እንደ ድመት ጭረት የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ሞልተውታል። ኪሴን ገልብጬ ሳራግፍ ደግሞ ጭድ፣ ለበጎቹ የምይዘው ጨው፣ የመርፌ ክዳንና አንድ እፍኝ አሸዋ መሳይ አቧራ ወጣ። ጨው ይጭራል እንዴ?

እናቴ ይህን ሁሉ ሳነብላት ሰማችና ከአሮጌ ባና ቆርጣ የስልክ ከረጢት ሰፋችልኝ። ሱፉ ሙቀትም ይይዝለታል ትላለች። በጉን ነክቼ ስልኩን ስነካ እንደምትቆጣኝም አስጠንቅቃኛለች። ወንድሜ ቲታኒየሙን ራሱ ይግዛው።

ጥገና ቤት፣ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን እወርዳለሁ። መስታወቱን ብቻ መቀየር ይቻላል ወይስ ስክሪኑ በሙሉ?

የኬሚስትሪ መምህር፦

ጨው በመለኪያው 2.5 ላይ ነው፤ አይጭርም። እሱን ተጠያቂ አያድርጉት። አቧራውን ግን ከኪስዎ ያራግፉ።

ጥገና ቤት (ደብረ ብርሃን)፦

ሲነኩት የሚሠራ ከሆነና ምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከሌለ መስታወቱን ብቻ እሞክርልዎታለሁ፤ ሳየው ነው የምወስነው። ጥጉ ጎብጦ ከሆነ ግን አዲሱ መስታወት ቦታው ላይ አይተኛም፤ ቀድሜ ክፈፉን ማቃናት አለብኝ። አንድ ነገር ከአሁኑ ይወቁ፤ ከከፈትኩት በኋላ ውኃ እንዳያስነኩት። አዲስ ሙጫ እቀባለሁ፤ እንደ ፋብሪካው ይሆናል ብዬ ግን አልጽፍልዎትም። ከምሳ በፊት ይምጡ፤ ያን ባናም ይዘው ይምጡ፣ ልየው።