የአጎቴ ዲኤክስ7 «ባትሪ ቀይር» ይለኛል፤ የሠራቸው ድምፆች ይጠፋሉ?

የፒያሳው ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። የአጎቴ የነበረ ያማሃ ዲኤክስ7 የሚባል የድሮ ኪቦርድ እጄ ገብቷል። ዋሽንግተን ሳለ ሰርግና ክርስትና ሲያጫውትበት የኖረ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ልጆቹ አዲስ አበባ ድረስ ላኩልኝ። በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር ከመርካቶ ገዝቼ አብርቼዋለሁ። ቁልፎቹ በሙሉ ይሠራሉ። ሲበራ ግን ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ባትሪ ቀይር» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

ጭንቀቴ ድምፆቹ ናቸው። ኪቦርዱ ከያዛቸው 32 ድምፆች ውስጥ አንዳንዶቹን አጎቴ ራሱ ነው የሠራቸው። በላቲን ፊደል «ማሲንቆ»፣ «ክራር 2»፣ «ዋሽንት» ብሎ ሰይሟቸዋል። ክራር 2ን ስጫወት እናቴ ሥራዋን ትታ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። «ዋሽንት» ግን ምንም ብነካው ድምፁ እጅግ ደካማ ነው።

ባትሪው ሲቀየር እነዚህ ይጠፋሉ? ደግሞ አንቺሆዬ ስንጫወት ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጋር አልገጥም አልኩ። ኖታዎቹን በጥቂቱ ዝቅ ከፍ ለማድረግ ዕቃውን ከፍቶ መቀየር ይቻላል?

ሰርግ አጫዋች፦
ወንድሜ፣ ለሥራ ከሆነ አዲስ አሬንጀር ኪቦርድ ይሻልሃል። ስኬል ቱኒንግ ያላቸው አሉ፤ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ታወርዳለህ፣ ታወጣለህ። ሪትሙም አብሮት አለ። ዲኤክስ7 እኮ ከባድ ነው፤ ሁሌ ከትራንስፎርመር ጋር ተሸክሞ መዞር አይሆንም። እሱን ቤት አስቀምጠው።

ቀዩ ሽቦ፦
የፒያሳው ልጅ፣ መጀመሪያ አጎትህን ነፍስ ይማር። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፤ እነዚህን የድሮ ኪቦርዶች እጠግናለሁ። አደራህን፣ ድምፆቹን ሳታወጣ ካቻቪቴ እንዳታነሳ። ባትሪው የተነቀለ ዕለት የአጎትህ ሥራ አብሮ ይሄዳል።

በ1983 የወጣው ዲኤክስ7 ድምፆቹን የሚያስቀምጠው ኪቦርዱ ሲጠፋ ባትሪ በሚጠብቀው ራም (ማስታወሻ) ላይ ነው። ያ ባትሪ ደክሟል ማለት ነው። «ፈንክሽን» የሚለውን ነክተህ 14 ቁጥርን ብትጫን ስንት ቮልት እንደቀረው ያሳይሃል። አዲሱ 3 ቮልት ግድም ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሚዲ ገመድ፣ ኪቦርድን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን፣ ፈልግ። ከኪቦርዱ «ሚዲ አውት» ወደ ኮምፒውተር ነው የሚገባው። እጅግ ርካሾቹ የዩኤስቢ ገመዶች ረጅም መልእክት መሃል ላይ ስለሚቆርጡ ከጓደኛ ስቱዲዮ ደህና ኢንተርፌስ (የሚዲ ማገናኛ ሣጥን) ብትዋስ ይሻላል። ሲስኤክስ፣ ማለትም ኪቦርዱ ድምፆቹን በሚዲ የሚልክበትን መልእክት፣ የሚቀበል ፕሮግራም ክፈት። ኪቦርዱ ላይ ፈንክሽን 8ን ደጋግመህ ተጫን። «ሲስ ኢንፎ» የሚለው ሲመጣ «የስ»ን ነክተህ ክፈተው። እንደገና 8ን ስትጫን ይላክ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፤ «የስ» በለው። 32ቱም ድምፆች በአንድ ፋይል ይመጣሉ። ፋይሉ 4104 ባይት መሆን አለበት። ካነሰ ተቆርጧል፤ ድገመው። ከዚያ ኢሜይልህም ላይ፣ ፍላሽም ላይ አስቀምጠው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ፈንክሽን ውስጥ ያሉት፣ የፒች ቤንዱ (ኖታውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ጎማ)፣ የሞዱሌሽን ጎማውና የትንፋሹ ቅንብር፣ እዚያ ፋይል ውስጥ አይገቡም። አንድ በአንድ እየከፈትክ ወረቀት ላይ ጻፋቸው።

ስለ «ዋሽንት» የምጠረጥረው አለኝ። ዲኤክስ7 የትንፋሽ መቆጣጠሪያ መሰኪያ አለው። በአፍ ተይዞ የሚነፋ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የድምፁን ጉልበት በትንፋሽህ ትመራዋለህ። አጎትህ ድምፁን ለዚያ ብሎ ሠርቶት ከሆነ ሳይነፋ ደካማ መሆኑ አይገርምም። ፈንክሽን ከ25 እስከ 28 ያለውን ተመልከት። እዚያ ቁጥር ተሞልቶ ካገኘህ ሰውየው ዋሽንቱን እየነፋ ነበር የሚጫወተው። ልጆቹን ጠይቃቸው፤ ያ ዕቃ አንድ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አንቺሆዬን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዲኤክስ7 እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ማስተካከል አይችልም። ይህን ማድረግ የሚችለው ቀጥሎ የመጣው ዲኤክስ7-2 ነው። ለዚህ ብለህ ግን ቦርዱን እንዳትቆርጥ። ዴክስድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ያወጣኸውን ፋይል እንዳለ ይከፍታል፤ የቅኝት ፋይልም ይቀበላል። ማሲንቆ ተጫዋቹን አጠገብህ አስቀምጠህ ኖታውን በሱ ጆሮ ልክ አስተካክል። ቁልፉ ያው የአጎትህ ኪቦርድ፣ ድምፁም የሱ ክራር ይሆናል። ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ፈንክሽን 3 ላይ የፒች ቤንዱን ክልል 1 አድርገህ በግራ እጅህ ጎማውን ሳብ ሳብ እያደረግክ ትጫወታለህ።

ሰርግ አጫዋች በቅንነት ነው የመከረህ፤ ለሰርግ ሥራ እውነቱን ነው። እኔ ግን ይህ ዕቃ ቤት ተሸፍኖ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከዲኤክስ7 ጋር አድርጎ የቀዳውን አድምጥ። በነዚህ ማሽኖች የኛ ዜማ እንዴት እንደሚነገር ሲሰሙት ልብ ይሞላል። አጎትህም በዚያው ከተማ ክራሩን በቁጥር እየፈለገ ነበር። እሱ የሠራውን ድምፅ የሚጫወተው ሰው ያስፈልጋል።

የፒያሳው ልጅ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንተርፌስ ተውሼ አወጣሁት፤ ፋይሉ ልክ 4104 ነው። ፈንክሽን 25 ላይ 99 የሚል አገኘሁ! ለአጎቴ ልጅ ደውዬ እየፈለገችልኝ ነው። አሁን ባትሪውን ልቀይር?

ቀዩ ሽቦ፦
ጎሽ! አሁን ቀይር። ከሶኬት ንቀለው፤ ክዳኑ ሲከፈት ጠፍጣፋዎቹ ሽቦዎች እንዳይሳቡ ቀስ በል። ባትሪው ሲአር2032 ነው፤ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። አዲሱን በቀጥታ እንዳትበይደው፤ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል። የባትሪ ማስቀመጫ በይድና ባትሪውን መጨረሻ ላይ አስገባ። የድሮውን ባትሪ ከመንቀልህ በፊት የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ የት እንደሆነ ፎቶ አንሳው። ድምፆቹን ከኮምፒውተር መልሰህ ስትጭን «ሜሞሪ ፕሮቴክት» የሚለውን፣ የማስታወሻውን መቆለፊያ፣ ካላጠፋህ ፋይሉን አይቀበልህም። ትራንስፎርመሩንም ከመሰኪያው ጋር በፕላስተር እሰረው፤ ሌላ ሰው ቀጥታ 220 ላይ እንዳይሰካብህ።