ትራንስክሪፕትሽ ላይ ደብሊው ካለ ለፖዲያትሪ ሬዚደንሲ ገንዘብሽን ምን ላይ ታውዪዋለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የፖዲያትሪ (የእግርና የቁርጭምጭሚት ሕክምና) ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነሽ፣ ትራንስክሪፕትሽ (የውጤት መዝገብሽ) ላይ አንድ ደብሊው፣ ማለትም ከኮርስ የመውጣት ምልክት፣ አለ፣ ለሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ላለው የሆስፒታል ሥልጠና) ለማመልከት አማካሪ ልቅጠር ወይ እያልሽ ነው። እኔም በዚያው በር አልፌያለሁ፣ አሁን ሬዚደንት ነኝ። የሞከርኩትን ሁሉ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ አንድ ደብሊው ብቻውን አያስቀርሽም። ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ቤተሰብ ከደነገጠ አትፍረጂባቸው። አገር ቤት «ዊዝድሮዋል ሞላች» ከተባለ ግቢውን ለቃ ወጣች ማለት ነው። አባቴ ሲሰማ ትምህርቱን የተውኩ መስሎት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። አሜሪካ ግን ከአንድ ኮርስ መውጣትም በዚሁ ስም ይጠራል።

የሚጎዳው ጊዜው ነው። ፖዲያትሪ ውስጥ ብዙው ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ያ ካመለጠሽ አንድ ዓመት ትጠብቂያለሽ፣ አራት ዓመቱም አምስት ሊሆን ይችላል። የሬዚደንሲ ፕሮግራም ዳይሬክተሮች የሚያዩት ይህንን ክፍተት ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሬጂስትራር ቢሮ ነው፣ በነፃ። ትራንስክሪፕትሽን አውጥተሽ ጀርባው ላይ ያለውን መፍቻ አንብቢ። ደብሊው ነው ወይስ ደብሊው ኤፍ (እየወደቁ መውጣት)? ብዙ ትምህርት ቤቶች ደብሊው ኤፍን እንደ ኤፍ ይቆጥሩታል። መዝገብሽን ማየት በ1974 በወጣው ፈርፓ በተባለው ሕግ መብትሽ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። በዚያው የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጎራ በይ። ደብሊው ለትምህርት ብድርሽ ሲታይ እንደተሞከረ ግን እንዳልተጠናቀቀ ክሬዲት ነው የሚቆጠረው።

ሁለተኛው የተማሪዎች ዲን ነው። እሱም ነፃ ነው፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። ከእኔ በፊት ደብሊው ኖሯቸው ሬዚደንሲ የገቡትን ያውቃል። ስም ሳይጠራ እንዴት እንዳስረዱት ነገረኝ።

የሚከፈልበትን አማካሪ ግን አልመክርሽም። እኔ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ድርሻዬን ከፍያለሁ። ሰውየው የሚያውቀው የኤምዲ (የመደበኛ ሕክምና) ተማሪዎችን ማመልከቻ ብቻ ነበር። የእኛ ማመልከቻ ካስፐር በሚባለው የራሱ ሥርዓት እንደሚገባ እንኳ የነገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ደብሊውዬ ሙሉ ገጽ ጻፈልኝ። እንባ በእንባ ነበር። ዲኑ አንብቦ ሲጨርስ «ይህ አንተ አይደለህም» አለኝ። ቀደድኩት።

ያንን ገንዘብ ለኤክስተርንሺፕ አውይው። የምለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሆስፒታል ገብተሽ አንድ ወር ትሠሪያለሽ። ንጋት ላይ ገብተሽ ታካሚ ታያለሽ፣ ቁስል ታጥቢያለሽ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ትቆሚያለሽ። በዚያ አንድ ወር ያዩሽ ሰዎች ወረቀትሽን የሚያነቡት አንቺን እያሰቡ ነው። ማንም የማያውቅሽ ቦታ ግን ደብሊው ብቻውን ያወራል። ስለዚህ በጣም የምትፈልጊው ፕሮግራም ቀድመሽ ሂጂ፣ በርቀት ብቻ አታመልክቺ።

ወጪው ከባድ ነው። አንዳንዱ ሆስፒታል ማደሪያ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። ይህን ሳታጣሪ ቀን አትያዢ። ዋሽንግተን አካባቢ ፌርፋክስ ያለውን ኢኖቫ ሆስፒታል ወይም የሜድስታር ሆስፒታሎችን የምታስቢ ከሆነ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአንድ ወር የሚያስጠጋ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው አይጠፋም። ጠይቂ፣ አትፈሪ። እኔን አንድ ወር ሙሉ ያስጠጉኝ እናት ሌሊት ስወጣ ዳቦ ጠቅልለው በር ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር።

ሌላው ገንዘብ የሚገባው ፈተናው ነው። ገና ካልተፈተንሽ፣ ፓርት ዋንን (የፖዲያትሪ ብሔራዊ የቦርድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል) በመጀመሪያው ሙከራ እለፊ። ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው፣ እና ከደብሊው ይልቅ እዚያ መውደቅ ነው የሚጎዳሽ። ቦርድቫይታልስ የፖዲያትሪ ጥያቄ ባንክ አለው፣ ክፍያው ይከብዳል፤ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ዋጋና ቆይታ አወዳድሩ። አንኪ የሚባለው የማስታወሻ ካርድ መተግበሪያ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። አናቶሚን ለመያዝ ለእኔ አንኪ በልጦብኛል። ጥያቄ ባንኩን የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ብቻ ግዢ።

ኢንተርቪው ጥር አካባቢ ነው። አንድ ዳይሬክተር «ይህ ደብሊው ምንድን ነው?» አሉኝ። እንዲህ መለስኩ፦ «እናቴ ዲያሊሲስ ስትጀምር የማመላልሳት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፋርማኮሎጂ ወጣሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ወስጄ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያቋረጥኩት ኮርስ የለም።» ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ቁርጭምጭሚት ስብራት ምደባ ጠየቁኝ። በቃ። ሌላ ነገር አልተነሳም።

አንቺም ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረግሽ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄደ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። በስልክሽ ቀድተሽ ስሚው። እንደ ይቅርታ ልመና ከተሰማሽ አሳጥሪው። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።