ሪቤዝ መሀል ላይ ቆመ፤ የጻፍኩት ኮድም ከፋይሉ ጠፋ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የገብስ ግዢ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራን ነው። የኮዱን ለውጦች የምንመዘግበው በጊት ነው። ብራንቼን (የራሴን የሥራ መስመር) ሜይን (የቡድኑ ዋና መስመር) ላይ ሪቤዝ ሳደርግ፣ ማለትም ለውጦቼን በአዲሱ ሜይን ላይ ሳስደግም፣ ኮንፍሊክት (የሁለት ለውጦች ግጭት) መጣና ቆመ፤ ተርሚናሉ «ሪቤዚንግ 3/14» ይላል። አንዱን ፈትቼ ስቀጥል እዚያው ፋይል ላይ ያንኑ የሚመስል ሌላ ይመጣል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ፣ ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ የጻፍኩት ኪሎን ወደ ኩንታል የሚቀይር ፋንክሽን ፋይሉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። አምስቱም ኮሚቶቼ (በጊት የመዘገብኳቸው ለውጦች) ጠፍተው ይሆን? ፑሽ አላደረግኳቸውም፤ ወደ ሰርቨሩ አልላክኳቸውም። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ የላፕቶፔ ባትሪ 31 በመቶ ቀርቶታል፤ ሥራውን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

መልስ 1 (ሸዋ ሮቢት)፦
እኅቴ፣ ፎልደሩን አጥፍተሽ ከሰርቨሩ እንደገና ክሎን አድርጊ (ሙሉ ቅጂውን አውርጂ)። እኔ ሁልጊዜ የምገላገለው እንዲህ ነው።

መልስ 2 (መሀል ሜዳ)፦
እባክዎ ይህን እንዳያደርጉ! ኮሚቶቹ ፑሽ እንዳልተደረጉ ጠያቂዋ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ያሉት በዚያ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ፎልደሩ ከጠፋ ያን ጊዜ ሥራው በእርግጥ ጠፋ ማለት ነው።

መልስ 3 (ደብረ ሲና)፦
ከመጣደፍ በፊት ሪቤዝ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ጊት ኮሚቶችሽን ነቅሎ አይወስዳቸውም፤ እያንዳንዱ ያመጣውን ለውጥ እያነበበ፣ በአዲሱ መሠረት ላይ አንድ በአንድ እንደገና ይፈጽመዋል። ወላጁ (ከእሱ በፊት ያለው ኮሚት) ስለሚቀየር እያንዳንዱ ኮሚት አዲስ መለያ ቁጥር ያገኛል፤ አሮጌዎቹ ግን ከነመለያቸው ይቀመጣሉ። ብራንችሽም ሪቤዙ እስኪያልቅ ድረስ የሚያመለክተው አሮጌዎቹን ነው። አሁን የምታዪው ፋይል በሦስተኛው ኮሚት ላይ ያለው መልክ ስለሆነ፣ ፋንክሽንሽ የሌለው ተራው ስላልደረሰ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌር ዳር ይዞ መብራት አብርቶ እንደሚቆም፣ አንቺም መጀመሪያ ቁሚና «ጊት ስታተስ» ብለሽ የት እንዳለሽ እዪ።

መልስ 4 (አዲስ አበባ)፦
እኔ ጥያቄውን ራሱን አልቀበለውም። ሪቤዝ ለምን አስፈለገ? መርጅ ብታደርጊ (ሁለቱን መስመሮች ብታዋህጂ) ኮንፍሊክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ትፈቺው ነበር፤ ታሪኩም እንደተሠራ ይቀመጥ ነበር።

ጠያቂ፦
ጋሼ የደብረ ሲናው፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። መርጅ ላሉት ወንድሜ፣ የቡድን መሪያችን ታሪኩ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆን ስለሚፈልግ ምርጫው የእኔ አይደለም።

መልስ 5 (ሸዋ ሮቢት)፦
እንግዲያው «ጊት ሪቤዝ --አቦርት» በይና (ሪቤዙን ሰርዞ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል) እንደገና ጀምሪ።

መልስ 6 (ዓለም ከተማ)፦
እንደገና ብትጀምርም እዚያው ነው የምትቆመው። ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፦ ኮሚቶችዎ አምስት ከሆኑ ተርሚናሉ 14 የሚለው የማንን ቆጥሮ ነው? ብራንችዎን ያወጡት ከሜይን ነው ወይስ ከሌላ ሰው ብራንች?

ጠያቂ፦
ከሥራ ባልደረባዬ ብራንች ነው ያወጣሁት፤ የዋጋ ሠንጠረዡን የሠራው እሱ ስለሆነ ያስፈልገኝ ነበር። የእሱ ሥራ ባለፈው ሳምንት ስኳሽ ተደርጎ (ኮሚቶቹ ወደ አንድ ተጨምቀው) ሜይን ውስጥ ገብቷል። ይህን መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር።

መልስ 7 (ዓለም ከተማ)፦
ችግሩ ያ ነው። የባልደረባዎ ዘጠኝ ኮሚቶች ስኳሽ ሲደረጉ በሜይን ላይ አንድ ኮሚት ሆነዋል። ጊት ተመሳሳይ ለውጥ ሜይን ላይ ካገኘ ራሱ ይዘለዋል፤ ዘጠኙን በአንዱ ውስጥ ግን መለየት አይችልም። ስለዚህ የገባውን ሥራ እንደ አዲስ ሊደግመው እየሞከረ ነው የሚጋጭብዎት።

አሁን «ጊት ሪቤዝ --አቦርት» ይበሉ፤ የሚጠፋው እስካሁን የፈቱት ኮንፍሊክት ብቻ ነው። ቀጥሎ «ጊት ብራንች መጠባበቂያ» ብለው አሮጌው ባለበት እንዲቆይ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ «ጊት ሎግ --ዋንላይን» ሲሉ ከላይ ያሉት አምስት መስመሮች የእርስዎ ናቸው፤ ስድስተኛው የባልደረባዎ የመጨረሻ ኮሚት ነው። የዚያን መለያ ቁጥር ይያዙና «ጊት ሪቤዝ --ኦንቱ ሜይን»፣ አስከትለው መለያ ቁጥሩን፣ በመጨረሻም የብራንችዎን ስም ይጻፉ። ትርጉሙ «ከዚህ ኮሚት በኋላ ያሉትን ብቻ ወስደህ ሜይን ላይ ድገምልኝ» ነው። ተርሚናሉ ከ14 ይልቅ 5 ካለዎት መንገዱ ትክክል ነው።

መልስ 8 (አዲስ አበባ)፦
አሁንም መርጅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ለዚህ ጉዳይ የዓለም ከተማው መልስ ትክክል ነው። አንድ ልጨምር፤ በሪቤዝ ጊዜ ኮንፍሊክት ሲመጣ «ኦርስ» የሚባለው የእርስዎ ሳይሆን የሜይን ወገን ነው፤ የእርስዎ ሥራ በ«ዜርስ» በኩል ይቀመጣል። በመርጅ የለመደ ሰው ይህን ሳያስተውል የራሱን ኮድ በእጁ ይጥላል።

መልስ 9 (መሀል ሜዳ)፦
መጠባበቂያውን ሳይፈጥሩ ቀድመው ከሆነም አይጨነቁ። «ጊት ሪፍሎግ» ብራንችዎ የነበረበትን ሁሉ ያሳያል፤ ከየትኛውም ብራንች የማይደረስበት ኮሚት እንኳ በተለመደው ቅንብር 30 ቀን ይቆያል። ባትሪዎ ሳያልቅ መጠባበቂያውን ብራንች ፑሽ ቢያደርጉት ግን ሥራዎ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም።

መልስ 10 (ደብረ ሲና)፦
ልጄ፣ ብራንችሽን ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜም ቢሆን ፑሽ አድርገሽው ከነበረ ሰርቨሩ አዲሱን አይቀበልሽም። ያን ጊዜ በ«--ፎርስ» (በግድ መላኪያው) ፈንታ «--ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ» ተጠቀሚ፤ ሌላ ሰው እዚያው ብራንች ላይ አንቺ ያላየሽውን ኮሚት አስገብቶ ከሆነ ሳይደመስስ ይቆምልሻል። 5 ማለቱን ስታዪ አንድ መስመር ጻፊልን።