የፑሽኪን ቅድመ አያት ከየት ነው?

የሳር ቤት ልጅ፦ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፑሽኪን ወራጅ አለ?» ሲል አንድ ሰውዬ «የራሺያ ስም ለኛ አደባባይ ምን ይሠራል?» አለ። እኔም ሳላስብ «ሐበሻ ነዋ!» አልኩት። ታክሲው ለሁለት ተከፈለ። እስቲ ፍረዱን፣ የኛ ነው አይደለም?

መምህሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1799 ሞስኮ የተወለደ የሮማንቲክ ዘመን ገጣሚ ነው። ራሺያዊ፣ በቃ። የኛ የሚባለው በእናቱ አያት በአብራም ጋኒባል በኩል ነው። ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ኢስታንቡል ደረሰ። ከዚያ ለራሺያው ንጉሥ (ዛር) ለታላቁ ጴጥሮስ ተሰጠ። ዛሩ ክርስትና አነሳው። ፈረንሳይ ተምሮ መጣና ጄኔራል ሆነ። ከየት ተወሰደ የሚለው ነው የሚያጨቃጭቀው።

ቡና ጠጪ፦ ምን ያጨቃጭቃል? የልጁ ባል የጻፈው የሕይወት ታሪኩ አቢሲኒያ ይላል!

መምህሩ፦ ያ የተጻፈው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1742 ለራሺያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባስገባው ማመልከቻ የተወለድኩት «ላጎን» ነው ያለው። ቤኒናዊው ተመራማሪ ግናማንኩ ይቺ ከተማ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ብርኒ ናት ይላል። እኔን አሳምኖኛል።

ከመረብ ማዶ፦ ኧረ ቆዩ! ሎጎ የሚባል አገር እኛ ጋ አለ። ካሜሩን ድረስ ምን አስኬዳችሁ?

ቡና ጠጪ፦ መርከቡስ ጋሼ? ፑሽኪን በግጥም በጻፈው ልብ ወለድ «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ላይ ባሰፈረው ማስታወሻ ቅድመ አያቱ አርጅቶም የማይረሳው ነገር ነበር። እሱን የጫነው መርከብ ሲርቅ እህቱ ላጋን ከኋላ እየዋኘች ትከተል ነበር። መርከብ ካለ ባሕር አለ። ባሕሩም ቀይ ባሕር ነው።

መምህሩ፦ ሎጎን እኮ ወንዝም ነው፣ ጀልባ ይሄድበታል። ደግሞ ከተማው ላጎን፣ እህቱ ላጋን። አያጠራጥርም? የሽማግሌ ትዝታ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መቼም ይደባለቃል።

እትዬ፦ እኔን ያቺ እህት አንጀቴን በላችው። ፑሽኪን ገጣሚ ሆኖ ምንም አልጻፈም?

መምህሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1827 ስለ ቅድመ አያቱ ልብ ወለድ ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው። «ኦኔጊን» ላይ ግን «አፍሪካዬ» ይላል። አንድ ቀን ሳያያት! ቢለምንም ውጭ አገር እንዲሄድ አልፈቀዱለትም። ልብ በሉ፣ አፍሪካዬ አለ እንጂ አቢሲኒያዬ አላለም።

ቡና ጠጪ፦ ካሜሩኔም አላለም።

መምህሩ፦ ይሄንን ወስደሃል። አንተ የሳር ቤቱ፣ ለመሆኑ ግጥሙን አንብበህ ታውቃለህ?

የሳር ቤት ልጅ፦ ኧ… በ37 ዓመቱ በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ እንደሞተ አውቃለሁ።

ቡና ጠጪ፦ በሚስቱ የተነሳ!

እትዬ፦ እሱን ሁሉም ያውቃል። ሰውዬውስ ምን አለህ?

የሳር ቤት ልጅ፦ ምን ይለኛል እትዬ፣ ስንጨቃጨቅ ፑሽኪንን አልፈን ሁለታችንም ቄራ ወረድን።