ኤሌክትሪክ ለሚቆጥብ ሕንፃ የንብረት ታክስ ይማር?

የንብረት ታክስ አዋጁ በጥር 2017 በፓርላማ ጸድቋል። ከተሞች ግብሩን ሲሰበስቡ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ሕንፃዎችን ይማሩ ወይስ አይማሩ? ሐሳባችሁን።

አርክቴክቷ፦ ይማሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በወጉ ለተሠራ ሕንፃ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። እኛ ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት እናለብሰዋለን። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል የተቀመጠው ሠራተኛ ይቀቀላል፣ ከዚያ ኤሲ ይገዛል። ስለ ጥላና ስለ ሕንፃው አቅጣጫ ባለሀብቶችን ለዓመታት ለምኛለሁ፤ «መስታወት ከሌለው ተከራይ አይመጣም» ይሉኛል። ኪሳቸው ሲነካ ብቻ ነው የሚሰሙት።

ከላስ ቬጋስ፦ እህቴ፣ እኔ ያለሁበት የአሜሪካው ኔቫዳ ግዛት ሞክሮታል። በ2005 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ሕንፃ የምስክር ወረቀት ላገኘ እስከ ግማሽ የንብረት ታክስ እስከ 10 ዓመት ይቀነስለት ተባለ። ግዙፎቹ ካሲኖዎች ተሰለፉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጪዎቹ ደንግጠው ቅናሹን ቀነሱት።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ እኛም ጋ የሚጠቀመው ባለ ፎቁ ነው። ምሕረት የተደረገለት ሰው ያልከፈለውን የመንገድና የውሃ ገንዘብ ማን ይሞላዋል? እኔ ነኝ። ደግሞ የመብራት ሂሳብ የሚከፍለው ተከራይ፣ ታክሱ የሚቀነስለት አከራይ!

አርክቴክቷ፦ ያንተ ቅሬታ እውነት ነው። እንግዲያው ወረቀቱ ቀርቶ ቆጣሪው ይታይ፤ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደፈጀ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ ተከራይ አጥቶ ባዶውን የቆመ ሕንፃ ቆጣሪው መች ይዞራል? አንደኛ ተሸላሚ እሱ ሊሆን ነው።

ከላስ ቬጋስ፦ የካሊፎርኒያው መንገድ ይሻላል። እዚያ ጣሪያህ ላይ ሶላር ብትሰቅል ታክሱ የሚሰላበት የቤትህ ግምት በዚያ ምክንያት አይጨምርም። የነበረውን ታክስ ትከፍላለህ፤ ከመንግሥት ካዝና የሚጎድል የድሮ ገቢ የለም። ቦይለሩን አውጥቶ በፀሐይ ውሃ የሚያሞቅ አንድ ጡረተኛም ይጠቀማል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ በዚህ እስማማለሁ። ጣሪያው የጋራ ለሆነብን ግን በማኅበር በኩል መመዝገብ አለበት።

አርክቴክቷ፦ ለሶላር እሺ። ጥላና ወፍራም ግድግዳ ግን ገማቹ የሚቆጥራቸው ዕቃዎች አይደሉም፤ ግምቱን የሚያንረው መስታወቱ ነው። እነሱን በታክስ ማስገባት ካልተቻለ የግንባታ ፈቃድ ላይ ግዴታ ይሁኑ፤ ፕላኑ ሳይጸድቅ።