አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም ነው ልበል?

የያዝኩት የኬክ አሠራር ሁሉን ነገር በኩባያ ነው የሚለው። እኔ ያለኝ ዲጂታል ሚዛንና 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ ኩባያ ነው። ውሃው አላስቸገረኝም፣ ሚሊ ሊትሩ ያው ግራሙ ነው። ስኳሩም እንዴትም ብሞላው ብዙ አይለዋወጥም። ጉዱ ያለው ዱቄቱ ጋ ነው። በማንኪያ እየጨመርኩ ሞልቼ ከላይ በቢላ ሳስተካክለው 125 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ስዝቅበት ግን ያው ኩባያ 150ን ያልፋል። በመጀመሪያው ልክ ሊጡ ቀጠነና ኬኩ መሃሉ ሰመጠ፣ በሁለተኛው ደግሞ ደርቆ ከላይ ተሰነጣጠቀ። ዱቄቱ ይነፋ አይነፋ የሚል ነገር የለውም፣ ኩባያው የ240 ይሁን የ250 እሱንም አልጻፉትም (ምናለ በግራም ቢጽፉት!)። እንግዲህ «2 ኩባያ ተኩል ዱቄት» ሲል ስንት ግራም ብዬ ልመዝን?