ከእምቦጭ የሠራሁት ከሰል ቀዩን ቀለም አልይዝ አለኝ

የምጽፈው ከጎንደር ነው፤ የማቅለሚያ ፍሳሽን ቀለም የሚያጠራ ከሰል ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። ከጎርጎራ በኩል ከጣና ዳርቻ የመጣ እምቦጭ አድርቄና ፈጭቼ፣ በፎስፎሪክ አሲድ ዘፍዝፌ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ከሰል ከለወጥኩት በኋላ፣ እጣቢው ከአሲድ ነፃ እስኪሆን ድረስ አጥቤዋለሁ። ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ መሞከሪያ ቀለም ሲሞከር ሰማያዊው ውሃ ጥርት ይላል፤ በ664 ናኖሜትር የሚነበበው፣ ቀለሙ የሚመጠውን ብርሃን የሚያሳየው ልኬትም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ያስቸገረኝ ከክር ማቅለሚያ የተቀዳው እውነተኛ ፍሳሽ ነው።

ፍሳሹ ሪአክቲቭ የሚባለው ቀይ ቀለም ያለበት ሲሆን፣ ማቅለሚያው ላይ ጨውና ሶዳ አሽ ስለሚጨመር ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ10 በላይ ነው። ከሰሉን በሊትር ከ2 ወደ 6 ግራም ባሳድገውም ቅላቱ ንቅንቅ አላለም። እንደምገምተው፣ ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ በሆነው የከሰሉ ገጽ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል፤ ይኸኛው ቀለም ግን ራሱ ኔጋቲቭ ስለሆነ በዚህ ፒኤች ይገፋል፤ ሞለኪዩሉም ትልቅ በመሆኑ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች ውስጥ መግባት ሳይቸግረው አይቀርም።

ፒኤቹን ወደ 3 ማውረድ እንደሚረዳ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በርሜል ሙሉ ፍሳሽ በአሲድ አውርዶ መልሶ በኖራ ማስተካከል ለአነስተኛ ማቅለሚያ ቤት የሚቀመስ ወጪ አይደለም። ስለዚህ የከሰሉን ገጽ ራሱን፣ ለምሳሌ አይረን ክሎራይድ በሚባለው የብረት ጨው ነክሮ፣ በፒኤች 8 አካባቢ እንዲሠራ ያደረገ ባለሙያ ካለ የመጠኑንና የሙቀቱን ነገር ቢጠቁመኝ፤ እንዲሁም በማጣሪያ ወረቀት እያለፈ ንባቤን የሚያዛባውን ደቃቅ ከሰል ያለ ሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ ማሽን) እንዴት እንደምለየው ብትነግሩኝ ባለውለታችሁ ነኝ።